«ዘ ቱ ታወርስ»ን በድሮው ጌም ቦይ ለመጫወት፦ በመጀመሪያ ቻርጀሩን አይሰኩ

ጥያቄው ስለ ጌም ቦይ፣ በእጅ ተይዞ ስለሚጫወቱበት የኔንቴንዶ መሣሪያ ነው፤ የመጣው ከአዳማ ነው። አንድ አባት እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦

«ወንድሜ ከሜሪላንድ ሲመጣ አንድ የድሮ ጌም ቦይ አድቫንስ ኤስፒ ከነቻርጀሩ አመጣልኝ። ካሴቱ የሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ሁለተኛው ክፍል፣ ዘ ቱ ታወርስ ነው። ፊልሙን ከልጄ ጋር ደጋግመን አይተነዋል። ጨዋታው ግን ፊልሙን አይመስልም። ታሪኩ የለም፣ ዝም ብሎ ጠላት መጨፍጨፍ ነው። ሁለት ጊዜ ደግሞ የደረስንበት ጠፍቶ ከዜሮ ጀምረናል። የመጀመሪያውን ክፍል ካሴት ገዝተን ከእሱ ብንጀምር ይሻላል? ልጄ ኔንቴንዶ ዲኤስ አላት፤ አገናኝተን ለሁለት መጫወት እንችላለን? ወይስ ሁሉንም ትተን ስልክ ላይ እንጫነው? ወንድሜ ሞልቶት የመጣው ቻርጅም እያለቀ ነው፣ መብራቱ ቀይ ሆኗል። ዛሬ ማታ ልሰካው ነው።»

ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እጀምራለሁ። አይሰኩት። ቻርጀሩን ገልብጠው ጀርባው ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ያንብቡ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የኤስፒ ቻርጀር የሚቀበለው 120 ቮልት ብቻ ነው። የእኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220 ነው። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ስለሚቀበል ሰው ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል። ይሄኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር በእጥፍ ቮልት ይግላል፣ ይቃጠላል፣ አንዳንዴ መሣሪያውንም ይዞ ይሄዳል። እኔ ጋ እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ዕቃ ገና ከፌስታሉ ሳይወጣ በሽታው ይታወቃል። የቻርጀሩ ፕላስቲክ ወደ ውጭ አብጧል፣ አንዱ ጎኑ ቡናማ ሆኗል። ባለቤቱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለኛል፦ «አሜሪካ እኮ ይሠራ ነበር።» አዎ፣ እዚያ ይሠራ ነበር።

መፍትሔው ርካሽ ነው። የዚያ ቻርጀር ሥራ 5.2 ቮልት ማውጣት ነው። የስልክ ቻርጀር ደግሞ 5 ቮልት ይሰጣል፣ ለኤስፒው ይበቃዋል። ስለዚህ አንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ ሌላው ጫፉ የኤስፒ መሰኪያ የሆነ ገመድ ያስመጡ። ከስልክ ቻርጀርም ከፓወር ባንክም ይሞላል። ለወንድምዎ ሲነግሩት «ለጌም ቦይ አድቫንስ ኤስፒ» ብለው በስሙ ይጥሩለት። የመጀመሪያው ወፍራሙ ዲኤስ መሰኪያው ከኤስፒ ጋር አንድ ነው። የዲኤስ ላይት ግን ይለያል፣ አይገባም። የልጅዎ ዲኤስ ወፍራሙ ዓይነት ከሆነ እዚሁ ቤትዎ ያለው ቻርጀር ሊሆን ይችላል። እሱንም ቢሆን ጀርባው ላይ 220 ወይም 240 የሚል ቁጥር ሳያዩ አይሰኩት።

እግረ መንገድዎን ባትሪውን ይዩት። ኤስፒ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ተቀይሮ የማያውቅ ባትሪ ከሆነ ዕድሜው ከ20 ዓመት አልፏል። በመሣሪያው ጀርባ ያለችው ትንሽ ክዳን በአንድ ተራ የመስቀል ብሎን ነው የተያዘችው፣ በቀላሉ ትከፈታለች። ባትሪው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ሆዱ ካበጠ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ በጭራሽ ቻርጅ አያድርጉት። አይጫኑት፣ አይውጉት፣ ልጅ እጅ ላይም አይተዉት። ምትክ ባትሪ ዛሬም ይሠራል፣ ከገመዱ ጋር አብሮ ሊላክልዎ ይችላል።

አሁን ወደ ጨዋታው።

ጨዋታው ፊልሙን አይመስልም ላሉት፣ የጠበቁት ነገር ነው እንጂ ጨዋታው አልተበላሸም። ይህ ጨዋታ ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2002 ነው። ፊልሙ ሲኒማ የገባው በታኅሣሥ ነው። ካሴቱ ከፊልሙ ቀድሞ ሱቅ ደርሷል ማለት ነው። የሠሩት ሰዎች ተመልካች ገና ያላየውን ፊልም ነው ወደ ጨዋታ የቀየሩት። የዕቃውንም አቅም ያስቡ። የመሣሪያው ስክሪን ወደ ጎን 240፣ ወደ ታች 160 ነጥብ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ካሴት ቢበዛ የሚይዘው 32 ሜጋባይት ነው። ዛሬ በስልክዎ የሚቀርጹት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከዚያ ይበልጣል። ፊልሙ እዚያ ውስጥ ሊገባ አይችልም። የገባው ሌላ ነገር ነው፣ እኔ ደግሞ ያ ሌላው ነገር ጥሩ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ።

አሳታሚው ኢኤ ነው፣ የሠራው ግሪፕቶናይት የሚባል ስቱዲዮ ነው። ሞዴላቸው ፊልሙ ሳይሆን ዲያብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በኮምፒውተር የወጣውን ዲያብሎ የሚባል ጨዋታ የተጫወተ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ከላይ በሰያፍ እያዩ አንድ ሰው ይመራሉ። ጠላት ሲወድቅ ዕቃ ይጥላል። ዕቃውን ያነሳሉ፣ ከያዙት ጋር ያወዳድራሉ፣ የተሻለውን ይለብሳሉ። ልምድ ሲሞላ ሌቨል ይወጣሉ፣ የሚያድሉት ነጥብ ያገኛሉ። አርፒጂ የሚባለው ያ ነው። ጠላት መጨፍጨፉ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው በዕቃውና በነጥቡ ገጽ ላይ ነው። ብዙ ሰው ያንን ገጽ ከፍቶ ሳያይ ሰይፍ ብቻ እየመታ ይሄድና ሁለት ሦስት ቦታ ካለፈ በኋላ ይሰለቸዋል። ወይም ይሞታል።

«ታሪኩ የለም» ያሉትም ምክንያት አለው። ፊልሙ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እየዘለለ ነው የሚተርከው። አሁን ፍሮዶን ያሳየናል፣ ቀጥሎ አራጎርንን፣ ተመልሶ ጋንዳልፍን። ጨዋታው እንደዚያ አይዘልም። አራጎርን፣ ሌጎላስ፣ ጋንዳልፍ፣ ፍሮዶና ኢዮዊን፣ አምስት ሰዎች ይቀርቡልዎታል። አንዱን ሲመርጡ የእሱን መንገድ ብቻ ይሄዳሉ። እርስዎ ከታሪኩ አንድ አምስተኛውን እያዩ ነው ሌላው የት ሄደ የሚሉት። በሌላ ሰው ሲጀምሩ ሌላኛው ወገን ይገለጥልዎታል። ፊልሙን ደጋግሞ ላየ ቤተሰብ ይሄ በጣም ደስ ይላል። ልጅዎ ኢዮዊንን ይዛ ብትጀምር እርስዎ አራጎርንን ይዘው ያላዩትን ታየዋለች፣ ማታ ስታወሩ የምትነግርዎት ነገር አላት።

ለጀማሪ የምመክረው አራጎርንን ወይም ሌጎላስን ነው። አራጎርን ቀርቦ ይመታል፣ ቢሳሳቱም ይቋቋማል። ሌጎላስ ከሩቅ ይወጋል፣ እያፈገፈጉ መተኮስ ለምትወድ ልጅ ይስማማል። ፍሮዶን መጀመሪያ አይውሰዱት። እሱን ይዞ ፊት ለፊት መግጠም አያዋጣም፣ ጨዋታውን ከለመዱ በኋላ ነው የሚጥመው። ነጥብ ሲያድሉ ደግሞ አይበትኑ። ሰው ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ማሳደግ ይወዳል፣ በኋላ ጠላቱ ሲጠነክር ሁሉም ደካማ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ሦስት ችሎታ መርጠው እነሱን ያጠንክሩ። ሌላም ስሕተት አለ። ስሙ የሚያምር ሰይፍ የግድ የተሻለ አይደለም፣ ከስሙ ሥር ያለውን ቁጥር ያንብቡ። እንግሊዝኛው ለልጅዎ ከከበዳት አጠገቧ ተቀምጠው ቁጥሩን አብረዋት ይዩ። ለዚህ ጨዋታ ከንባብ በላይ የሚያስፈልገው ማወዳደር ነው።

«የመጀመሪያውን ክፍል ገዝተን ከእሱ እንጀምር» ያሉትን ግን ይተዉት። በስም ተታለው ነው፣ እርስዎ ብቻም አይደሉም። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ለዚሁ መሣሪያ ዘ ፌሎውሺፕ ኦፍ ዘ ሪንግ የሚል ካሴት ወጥቷል። የእርስዎ ጨዋታ የመጀመሪያ ክፍል ግን አይደለም። በዚያን ጊዜ መብቱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ከፊልሙ ጨዋታ የመሥራት መብት ኒው ላይን ከሚባለው የፊልሙ ኩባንያ ለኢኤ ተሰጠ። ከመጽሐፉ የመሥራት መብት ደግሞ ቪቬንዲ የሚባል ሌላ ኩባንያ እጅ ነበር። ፌሎውሺፕ የሚለው ካሴት የቪቬንዲ ነው። ከመጽሐፉ እንጂ ከፊልሙ አልተሠራም። የፊልሙን ተዋንያን ፊት አይፈልጉበት። አጨዋወቱም ሌላ ነው፣ ውጊያው ተራ በተራ ነው፤ እርስዎ ይመታሉ፣ ጠላት ይመታል። በዚያ ላይ በወጣበት ጊዜ በባግ፣ ማለትም በፕሮግራም ስሕተት ብዛት ክፉኛ የተወቀሰ ጨዋታ ነው። ልጅዎ እዚህ የምታሳድገው ሰው ወደዚያ አይሻገርም፣ የዚያኛውም ወደዚህ አይመጣም። ተጨማሪ ከፈለጉ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን ዘ ሪተርን ኦፍ ዘ ኪንግ ይግዙ። ያው ስቱዲዮ፣ ያው አጨዋወት፣ ከፊልሙ የተሠራ። በ2004 የወጣው ዘ ሰርድ ኤጅም የፊልሙ ነው፣ ግን በጌም ቦይ አድቫንስ ላይ ተራ በተራ የሚሄድ የጦር ስልት ጨዋታ ስለሆነ ልጅዎ የለመደችውን እንዳትጠብቅ ይንገሯት።

ወደ ጠፋው ሴቭ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ልጅ የምታለቅሰው በዚህ ነውና።

በመጀመሪያ የሚያስገርምዎትን ልንገርዎ። የደረሱበት የሚቀመጠው በካሴቱ ውስጥ እንጂ በመሣሪያው ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ሴቭ ሲጠፋ የሚመረመረው ካሴቱ ነው። ለመጥፋቱ የማውቃቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንዱን እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል፦ መብራቱ ቀይ ሆኗል ብለዋል። በኤስፒ ላይ አረንጓዴው ወደ ቀይ ሲቀየር ቻርጁ ሊያልቅ ነው ማለት ነው። መሣሪያው እየጻፈ እያለ ኃይል ከተቋረጠ የተጻፈው ይበላሻል፣ የቆየውም ሊጠፋ ይችላል። ልጆች ደግሞ «ሴቭ» የሚለውን እንደተጫኑ ወዲያው ማጥፊያውን ይገፋሉ። ቀስ ብለው አምስት እስኪቆጥሩ ያስለምዷት። ቀይ ሲበራም እዚያው ላይ ጨዋታውን ታቁም።

ሁለተኛው ምክንያት ቆሻሻ ነው። ካሴቱን ገልብጠው ከሥር ያሉትን ወርቃማ ጥርሶች ይዩ። ጠቁረው ወይም ደብዝዘው ከሆነ ግንኙነቱ ይቆራረጣል። አይንፉበት። ሁላችንም ልጅ ሆነን ነፍተንበታል፣ ግን በትንፋሻችን ውስጥ ያለው እርጥበት ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። የጆሮ ጥጥ በአልኮል በትንሹ አርሰው ጥርሶቹን ወደ ታች አቅጣጫ ይጥረጉ። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ በአዲስ ጥጥ ይድገሙት። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል ውኃ አለበት፣ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይደርቅ አይሰኩት። በቢላም በአሸዋ ወረቀትም አይፋቁ። ወርቃማው ሽፋን ስስ ነው፣ አንዴ ከተላጠ አይመለስም።

ሦስተኛው ፌክ ካሴት ነው። የጌም ቦይ አድቫንስ ካሴት ኮፒ በዓለም ዙሪያ ሞልቷል፣ ወንድምዎም ሳያውቅ ገዝቶት ይሆናል። ባለፈው አንድ ካሴት ጠረጴዛዬ ላይ ከፈትኩ። ከላይ ሲያዩት ምንም አይልም። ውስጡ ግን ሥርዓት ባለው ቺፕ ፈንታ አንድ ጥቁር የሬንጅ ጠብታ የመሰለ ነገር ተለጥፏል፣ አጠገቡ ያለችው የሰዓት ባትሪ የምትመስል ክብ ባትሪ ደግሞ ሞታለች። ባትሪዋ ስትሞት ሴቩም አብሮ ይሄዳል። ከኦሪጅናሎቹ መካከልም በባትሪ የሚይዙ ካሴቶች አሉ፣ ስለዚህ ባትሪ ስላለው ብቻ ፌክ ነው አይባልም።

ሳይከፍቱ የሚለዩበት መንገድ አለ። ካሴቱን መብራት ላይ አዘንብለው ፊቱ ላይ ያለውን ወረቀት በጎን ይዩት። ኦሪጅናሉ ላይ ወረቀቱን ውስጥ ድረስ የተጫነ፣ ያለ ቀለም የሚታይ ቁጥር አለ። ፌኩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ከዚያ ከጥርሶቹ በላይ ባለው ክፍተት ውስጥ በባትሪ መብራት ይመልከቱ። በቦርዱ ላይ ኔንቴንዶ የሚለው ስም ታትሞ ይታያል። ስሙ ከሌለ ወይም ቦርዱ ባዶ ከሆነ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ካሴቱን እከፍታለሁ ካሉ ብሎኑ ባለ ሦስት ክንፍ ነው፣ በተራ መፍቻ አይፈታም። በቢላ ከሞከሩ ብሎኑ ያልቅና ለእኔም ያስቸግራል።

ለሁለት መጫወቱን በተመለከተ፣ ጨዋታው ሁለት ሰው ያጫውታል። ከልጅዎ ዲኤስ ጋር ግን አይሆንም። ዲኤስና ዲኤስ ላይት ከታች ባለው ሁለተኛ ቀዳዳ የጌም ቦይ አድቫንስ ካሴት ይቀበላሉ፣ የማገናኛ ገመድ መሰኪያ ግን ጭራሽ የላቸውም። ዲኤስ አይ እና ከዚያ በኋላ የመጡት ካሴቱንም አይቀበሉም። ለሁለት ለመጫወት ሁለት ጌም ቦይ አድቫንስ ወይም ኤስፒ፣ ሁለት ካሴት እና የጌም ቦይ አድቫንስ ማገናኛ ገመድ ያስፈልጋል። ለቀደመው ጌም ቦይ ከለር የተሠራው ገመድ ለዚህ አይሠራም። ወጪው ከደስታው ይበልጥብዎታል ባይ ነኝ። ዲኤሱ ግን ሌላ ጥቅም አለው። ሴቩ ካሴቱ ውስጥ ነው ብያለሁ። ስለዚህ እርስዎ ማታ በኤስፒው የደረሱበትን ልጅዎ ጠዋት ካሴቱን ነቅላ በዲኤሷ ትቀጥለዋለች። መሣሪያው ሳይጠፋ ካሴት እንዳይነቀል ብቻ ይጠንቀቁ።

ስክሪኑንም ይፈትሹ። ኤስፒ ሁለት ዓይነት ነው። ከስክሪኑ በታች መሃል ላይ ያለችውን የመብራት ቁልፍ ይጫኑ። መብራቱ ጨርሶ ከጠፋ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፣ ብርሃኑ ከፊት ነው፣ ቀለሙ የታጠበ ይመስላል። ከደማቅ ወደ ደብዛዛ ብቻ ከተቀየረ ኋላ የወጣው ነው፣ ብርሃኑ ከጀርባ ነው፣ በጣም የተሻለ ነው። ይህ ጨዋታ ጨለማ ቦታ ይበዛዋል። የእርስዎ የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ ቀን ቀን መስኮት አጠገብ ይጫወቱ፣ ወይም ዲኤሱን ይጠቀሙ።

ስልኩ ይቀራል። ይቻላል፣ ኤምጂቢኤ የሚባለው ነጻ ኢሙሌተር (የድሮውን መሣሪያ የሚያስመስል ፕሮግራም) በኮምፒውተር ላይ በጣም ጥሩ ነው፣ ለስልክም የሚሆኑ አሉ። ለዚህ ጨዋታ ግን ስልክ አልመክርም። ዓለሙ በሰያፍ ስለተሳለ መንገዱ ሁሉ በሰያፍ ነው። በሰያፍ ለመሄድ ሁለት አቅጣጫ አንድ ላይ መጫን አለብዎት። በእውነተኛው ቁልፍ አውራ ጣት ራሱ ያገኘዋል። በመስታወት ላይ ይንሸራተታል፣ ጀግናው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ከኋላ ይመቱታል። በብሉቱዝ የሚገናኝ ጆይስቲክ ካለዎት ችግሩ ይቀላል። ሌላው የመብት ጉዳይ ነው። ጨዋታው ዛሬ በዲጂታል መደብር አይሸጥም፣ ግን አሮጌ ሆነ ማለት የማንም ሆነ ማለት አይደለም፣ የባለቤትነት መብቱ አልወደቀም። ንጹሑ መንገድ የራስዎን ካሴት በማንበቢያ መሣሪያ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። እግረ መንገዱን ሴቩም ይገለበጣል፣ ካሴቱ ቢሞት እንኳ የልጅዎ ድካም ይተርፋል። ኢሙሌተር ከተጠቀሙ በጨዋታው ውስጥ ያለውን ሴቭ ይጠቀሙ። ኢሙሌተሩ ራሱ የሚያቀርበው ቅጽበታዊ ሴቭ ወደ ሌላ ኢሙሌተር ሲሄዱ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም።

እንግዲህ የሚያደርጉት ይህ ነው። ዛሬ ማታ ቻርጀሩን ሳጥን ውስጥ ያስገቡና «120 ቮልት» የሚል ወረቀት ይለጥፉበት፣ ሌላ የቤቱ ሰው እንዳይሰካው። ኤስፒውን ያጥፉት። ለወንድምዎ ዩኤስቢ ገመዱንና ባትሪውን ይዘዙት። እስኪመጣ ካሴቱን ያጽዱ፣ ቁጥሩንና ስሙን ይፈትሹ፣ ከዚያ የልጅዎ ዲኤስ ካሴቱን የሚቀበል ዓይነት ከሆነ እሱ ላይ አስገብተው ከአራጎርን ወይም ከሌጎላስ ጋር አዲስ ጨዋታ ይጀምሩ። የመጀመሪያውን ቦታ ሲጨርሱ ሴቭ ያድርጉ፣ ያጥፉት፣ በማግስቱ ይክፈቱት። ካለ ካሴቱ ደህና ነው፣ ሲጠፋ የነበረው በቻርጁ ወይም በቆሻሻው ነው ማለት ነው። ከሌለ ሌላ ቀን አያባክኑበት። ያ ካሴት ለሴቭ አይታመንም፣ ኦሪጅናል መሆኑን አረጋግጠው ሌላ ይግዙ።